«ፎርማት» ከማድረጋችን በፊት

(በሰንጋ ተራ ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች የቀረበ ንግግር)



ሰንጋ ተራ በስሙ የሰንጋን ገበያ ቢያስታውስም፣ ዛሬ በኮሜርስ ዙሪያ የምናየው ፍላሽ በእጁ የያዘ ሰው ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የእኛም ባልደረባ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ለማሳተም ፍላሹን ብዙዎች በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ማታም ያንኑ ይዞ ይገባና ልጆቹ ጨዋታ በሚጫወቱበት የቤት ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል። በማግሥቱ ሲከፍተው በሰነዶቹ ፈንታ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ይታያሉ፤ አንዳንዴም ፍላሹ ባዶ ይመስላል። ያን ጊዜ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ፎርማት አድርገው» ይላል። ዛሬ የምናገረው ይህ ምክር ቸኩሎ እንዳይፈጸም ነው።

ሰነዶቹ አልጠፉምና። በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው ተንኮል ፎልደሮቻችሁን «ስውር» እና «የሲስተም» የሚል መለያ ሰጥቶ ከዓይን ይሰውራቸዋል፤ በየስማቸውም የሐሰት አቋራጭ ያኖራል። አቋራጩን ስትጫኑ ራሱን ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጥና ወዲያው እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። የፈለጋችሁትን ስላገኛችሁ አትጠረጥሩም። በ2001 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን የበከለው ኮንፊከር ፍላሽ ሲሰካ «አውቶራን» በሚባለው የዊንዶውስ አሠራር ይነሣ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2003 ዓ.ም. ለቆዩት ዊንዶውሶች ባሠራጨው ማሻሻያ ይህን በር በፍላሽ በኩል ዘጋው። እንግዲህ ሌባው የባለቤቱን እጅ ይሻል ማለት ነው።

አስቀድሞ የሚጸዳው ኮምፒውተሩ ነው፤ ፍላሹ ከዚያ በኋላ። ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው በከንቱ ይደክማሉ፤ የጸዳውን ፍላሽ የታመመው ኮምፒውተር መልሶ ይበክለዋልና። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ዲፌንደር የተባለው ጸረ ቫይረስ አብሮት አለ። በመጀመሪያ አዘምኑት፤ ቀጥሎ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ የጀመራችሁትን ሥራ አስቀምጡ፣ በ«ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ከመነሣቱ፣ ቫይረሱም ከመንቃቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ግን አትጀምሩት። ከዚህ በኋላ ሙሉ ፍተሻ ይደረግ፤ ይህኛው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። «ክራክ» የተደረገ ጸረ ቫይረስ ከሰው እየተቀበላችሁ መጫንን እባካችሁ ተዉ፤ ቁልፉን የሰበረው ሰው ምን እንደጨመረበት በምን ይታወቃል?

ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ ፍላሹን ሰክታችሁ፣ አንዳች ሳትከፍቱ አስፈትሹት። ከዚያ በ«ቪው» ሥር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምረጡ። አሁንም ካልታዩ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚሰውረውን ምልክት አንሡ፤ ሰነዶቻችሁ ፈዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ሰነዶቹን ብቻ ገልብጡ፤ ቀስት ያለበትንና የማታውቁትን ፕሮግራም ተዉ። ተከፍተው መነበባቸውን ካረጋገጣችሁ፣ ያን ጊዜ ፍላሹን ፎርማት ብታደርጉት ጉዳት የለውም።

የሰነዶቹ ስም ተለዋውጦ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ግን፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን እንዳስጨነቀው ዋናክራይ ያለ ሌላ ደዌ ነው። ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ አላቁ፤ ምንም ሳትሰርዙ ባለሙያ ጥሩ።

ነገሩን ያከበድሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በፍላሾቻችን ውስጥ የስደተኞች ስም ዝርዝር አለ፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን አምነው የነገሩን ምስጢር አለ። የጠፋ ሪፖርት እንደገና ይጻፋል፤ የወጣ ስም ግን አይመለስም። አንዳንዱ ቫይረስ ሰነድና የይለፍ ቃል ለቅሞ ወደ ውጭ ይልካል። ስለዚህ የይለፍ ቃላችሁን ካልተበከለ ኮምፒውተር ወይም ከስልካችሁ ለውጡ። ከኢሜይላችሁ ጀምሩ፤ የሌሎቹ አገልግሎቶች የይለፍ ቃል የሚታደሰው አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ በኩል ነውና። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደውም ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ የሚታተመው ሰነድ ብቻ ይኑርበት። የተረጂዎች ዝርዝር ያለበት ፍላሽ ከቢሮ አይውጣ።