ተስፋና ወሲያ በአንድ ቤት
(በብድሬ ለለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



አዘጋጆቹ በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ «የእኔ ልጆች የቲም አይደሉም፤ እናታቸውም በሕይወት አለች» አልኳቸው። «እንግዲያው ስለ እርሷ ንገረን» አሉኝ። ባለቤቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። በሽታው በታወቀ ጊዜ ወደ አጥንቷ ተዛምቶ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ አልሐምዱሊላህ።

እብጠቱን ካየች ወራት አልፈው ነበር። ስላላመማት ናቀችው፤ ለመናገርም ሐፍረት ያዛት። እህቶቼ ሆይ! የጡት እብጠት ባያምም እንኳ ቶሎ መታየት ይገባዋል። ሐያእ ከሕክምና አይከለክልም።

ከብድሬ ተነስተን የሐረናን ጫካ አቋረጥን፤ የሳነቴን ብርድ አልፈን ጎባ ገባን። ከሮቤም 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ ደረስን። በአገራችን የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሮ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የመላው አገር ሕመምተኛ ወደዚያው አንድ ቦታ ይጎርፍ ነበር። ዛሬ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ይሰጣል። ለባሌ ገበሬ ግን መንገዱ አሁንም ሩቅ ነው።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ በሽታው ከሥሩ እንደማይነቀል፣ ሕክምናው ዕድሜን ለማራዘምና ሥቃይን ለመቀነስ እንደሆነ ገለጸልኝ። እኔም ደበቅኋት። «በቅርቡ ትድኛለሽ» እያልኩ ዐይኗን ማየት ግን ተሳነኝ። አንድ ሌሊት፣ «የልጆቼ አባት፣ ሕመሙ በእኔ አካል ላይ ነው፤ ወሬው ለምን በአንተ ዘንድ ብቻ ይቀራል?» አለችኝ። ያን ጊዜ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። እርሷ አላለቀሰችም።

በማግስቱ የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታሪክ ትዝ አለኝ። ሰዕድ በመካ በጠና ታመው ሞታቸው የቀረበ መሰላቸው። ሊጠይቋቸው የመጡትን ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወሲያ አማከሯቸው። ነብዩም ወሲያቸው ከሲሶ እንዳያልፍ፣ ሲሶም ብዙ እንደሆነ፣ ወራሾችን ከሰው እጅ ጠባቂ አድርጎ መተው እንደማይበጅ አስተማሯቸው። ሰዕድ ግን ከዚያ ሕመም ተነስተው ረጅም ዘመን ኖሩ፤ በቃዲሲያም የሙስሊሞችን ሠራዊት መሩ። ወሲያ መናገር ተስፋ መቁረጥ አለመሆኑን ከዚህ ተረዳሁ። ተስፋ ማድረግም ከወሲያ አያግድም።

እኛም ተቀምጠን ጻፍን። ለጎረቤት ያልከፈለችው የቡና ዋጋ ነበረባት፤ በሕመም ምክንያት ያልጾመቻቸው የረመዷን ቀናትም ነበሩ፤ ለድሆች ስለ ማብላት ዓሊም ጠየቅን። ሴት ልጃችን ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራ አለችኝ። ያን ሌሊት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ፈጅር አዛን ተኛች።

ውድ ወንድሞች፤ የታመመች ሚስትን ማስታመም የሴት ሥራ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ፣ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ባለቤታቸውን ሩቅያን (ረ.ዐ.) እንዲያስታምሙ ነብዩ በመዲና አስቀሯቸው። የዘማቹን ድርሻና አጅር ከነሙሉው ሰጧቸው። ሩቅያ ከዚያ ሕመም አልዳኑም፤ የዑስማን አጅር ግን አልጎደለም። እንግዲህ የአስታማሚ ልፋት በበሽተኛው መዳን ብቻ አይለካም።

በቤታችን የተማርኩትን ጥቂት ልናገር። የሕመም ማስታገሻ ሐኪሙ በወሰነው ሰዓት ይሰጣል እንጂ ሥቃዩ እስኪጸና አይጠበቅም። ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ መድኃኒት ነው፤ «የሞት ዋዜማ ነው» ብሎ መከልከል ወዳጅን ማሠቃየት ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ የማለስለሻ መድኃኒት አብሮ ይጠየቃል። የካንሰር መድኃኒት በመርፌ የምትወስድ ታማሚ ትኩሳት ካደረባት፣ ሳይታደር ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለባት። መቆም ያልቻለች ተቀምጣ ወይም ተጋድማ ትስገድ፤ ውሃ የሚጎዳት ተየሙም ታድርግ። ሩቅያና ዱዓ እናድርግ፤ መድኃኒቱን ግን አናቋርጥ።

ክቡራን ለጋሾች፤ አሁን ወደ የቲሞች ጉዳይ እመለሳለሁ። አንድ ቤት የሚራቆተው ከቀብር በኋላ ብቻ አይደለም። ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት በሬ ይሸጣል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ዕዳ ይከማቻል። አባት ወይም እናት በሞተ ጊዜ የምንረዳው ልጅ፣ ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲጎዳ የቆየ ነው። የእኔም የበኩር ልጅ ከብት ለመጠበቅ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። ጎረቤቶች በደቦ አዝመራችንን ሲሰበስቡልን፣ ሌሎችም የመሳፈሪያ ገንዘብ ሲያዋጡልን ተመለሰ።

በአዲስ አበባ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለ ማኅበር አለ። አንድ አባት ትንሽ ልጁን በደም ካንሰር ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከሩቅ ለሚመጡ ችግረኛ ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። የአንድ አባት ሐዘን ለሌሎች መጠለያ ሆነ። እኛም በአቅማችን በየመንደሩ በጽኑ የታመሙ ወላጆች ያሉባቸውን ቤቶች እንወቅ፤ ደብተሩን፣ እህሉን፣ የመንገዱን ወጪ ልጆቹ የቲም ሳይሆኑ እንድረስላቸው።

ዛሬም አላህ (ሱ.ወ.) ባለቤቴን እንዲፈውሳት በየሱጁዴ እለምናለሁ፤ ለእርሱ የሚሳነው የለምና። በዚያው ልክ ነገ ያለ ሥቃይ እንድታድር፣ ለዒድም ከልጆቿ ጋር እንድትቀመጥ ተስፋ አደርጋለሁ። ቀደሩ ምንም ቢሆን በመካከላችን የተደበቀ ነገር የለም።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋን፣ ለአስታማሚዎች ሰብርን፣ ለልጆቻቸው ጥበቃውን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።