ገጹ ሲሮጥ ማሰሪያ አንቀጹ ያመልጣል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንዲት አነስተኛ ዘዴ ለመናገር ነው። ይኸውም በማይክሮሶፍት ዎርድ የተጻፈ ጽሑፍ ሲነበብ ገጹ በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቅሙን በችግር፣ ጉዳቱንም በኀፍረት ስለ ተማርነው ልንነግራችሁ ወደድን።

የመመረቂያ ጽሑፋችን ማስረከቢያ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአንድ ጓደኛችን ቀኝ እጅ ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ስድሳውን ገጽ ማውስ እያሽከረከረ ማንበብ አልቻለም። በዚህ ምክንያት ዘዴውን ፈለግን። በዊንዶውስ ኮምፒውተር የማውሱን የመካከል ጎማ አንድ ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ምልክት ይታያል። ቀስቱን ከምልክቱ ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉት ገጹ በዝግታ ይሄዳል፤ ቢያርቁት ይፈጥናል፤ ወደ ላይ ቢወስዱት ወደ ኋላ ይመለሳል። እንደገና ሲጫኑ ይቆማል። ባለጎማ ማውስ የሌለው ሰው ደግሞ በዎርድ ማስተካከያ ውስጥ ከትእዛዞች ሁሉ ዝርዝር አውቶስክሮል የሚለውን መርጦ ከላይ ባለው የትእዛዝ መስመር ላይ ያኖረዋል።

ጓደኛችን በግራ እጁ ማንበብ ቻለ። እኛ ጤነኞቹ ግን ዘዴውን ለችኮላ አዋልነው። የጽሑፉን አሠራር የሚወስነውን መመሪያ ገጹን እያስሮጥን አየነውና «አንብበናል» አልን። በግራ እጁ ቀስ ብሎ ያነበበው ጓደኛችን ግን «ማሰሪያ አንቀጹን አይታችኋልን?» ሲል ጠየቀን። ከሌላ ቡድን ጋር በተሰበሰበ መረጃ መጠቀም «ይፈቀዳል» ብለን ያለፍነው «አይፈቀድም» ኖሯል። አንድ ሙሉ ምዕራፍ አውጥተን እንደ አዲስ ጻፍን፤ ሌሊቱም ቀን ሆነልን።

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። በአማርኛችን የነገሩ ፍርድ ያለው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ገጹ ከዓይን ቀድሞ ከሄደ ባለቤቱን አይተን ፍርዱን እንስታለን።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። በኅብረት ሲነበብ ፍጥነቱ በዘገምተኛው አንባቢ ልክ ይሁን። ሕግና አኃዝ ሲደርስ ገጹ ይቁም። የሚሮጥ ገጽ የሚጠቅመው ያነበቡትን ለመከለስ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደተባለው ሁሉ፣ ገጹ ይሂድ፤ ጣታችን ግን ከማቆሚያው አይራቅ።