«ጊቭ አፕ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ርእስ ሁለት አጫጭር ቃላት ብቻ ነው፤ ይኸውም «ጊቭ አፕ» የሚለው ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ከመካከላችን አንዱን ጎድቶታል።

ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ የመጣን ብዙዎቻችን በቤት አውኚ፥ በገበያ አማርኛ እየተናገርን አደግን። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። አንድ ጓደኛችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ፥ በፈተና ላይ ብዕሩን አስቀምጦ ሲያስብ ፈታኙ መጡና «ዱ ዩ ጊቭ አፕ?» አሉት። እሱም «ጊቭ» መስጠት፥ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ያውቅ ነበርና፥ «ስትጨርስ ወረቀቱን ወደዚህ ወደ ላይ አምጥተህ ትሰጣለህን?» ያሉት መስሎት «የስ ሰር» አለ። ወረቀቱ ወዲያው ተወሰደ። ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውት ነበር፤ መልሳቸውንም ያውቀው ነበር። ተስፋ ሳይቆርጥ ተስፋ ቆረጠ ተባለ።

ይህን ሲያጫውተን ሳቅን። ኋላ ግን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ፥ ከሳቅነው መካከል ቃሉን አሟልቶ የሚያስረዳ አንድም አልተገኘም።

እንግሊዞች «አፕ»ን ሁልጊዜ ለከፍታ አይናገሩትም፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ ፈጽሞ ማለቁን ያመለክቱበታል። «ኢት አፕ» ማለት ጥርግ አድርጎ መብላት እንጂ ወደ ላይ መብላት አይደለም። እንዲሁም «ጊቭ አፕ» ፈጽሞ መልቀቅ ነው። ሰው ሲጋራ ቢተው፥ መቀመጫውን ለሽማግሌ ቢለቅ፥ ወታደር እጁን ቢሰጥ፥ ተማሪ ተስፋ ቢቆርጥ፥ ለአራቱም ይኸው ቃል ይነገራል።

በአገባቡም ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። ከኋላው የሚከተለው ግሥ «ኢንግ» ይጨመርበታል፤ «ጊቭ አፕ ስሞኪንግ» ይባላል እንጂ «ጊቭ አፕ ቱ ስሞክ» አይባልም። እንደ «ኢት» ያለ ተውላጠ ስም ሲመጣ ደግሞ በመካከል ይገባል፤ «ጊቭ ኢት አፕ» ትክክል ሲሆን «ጊቭ አፕ ኢት» ስሕተት ነው።

ይህ ጠባይ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። በአማርኛችን «እጅ ነሣ» ማለት በአክብሮት ሰላምታ አቀረበ፥ «እጅ ሰጠ» ማለት ተሸነፈ ነው። ነሥቶ የሚያከብር፥ ሰጥቶ የሚሸነፍ ሰው አማርኛ ለሚማር ባዕድ ምን ያህል እንቆቅልሽ ይሆንበት! እንዲህ ያለውን ቃል ከፋፍሎ የሚፈታ ይሳሳታል፤ አንድ ላይ እንዳለ መያዝ ይገባል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ እነዚህን ቃላት ከነምሳሌያቸው በደብተራችን እንጻፍ፤ ያልገባንንም በክፍል ውስጥ ሳናፍር እንጠይቅ። ክቡራን መምህሮቻችንም ተማሪው «የስ» ባለ ጊዜ ገብቶታል ከማለታቸው በፊት አንድ ጊዜ ደግመው እንዲጠይቁልን በትሕትና እንለምናለን። ብዕሩን አስቀምጦ ዝም ያለ ሁሉ እጁን የሰጠ አይደለምና።