ከኮሪያ ምሽግ እስከ ፎገራ ሜዳ

(የመሰንቆ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የፎገራዋ ከተማ ወረታ ዛሬ በሩዝ ትታወቃለች። ሩዙን በደርግ ዘመን ፎገራ ላይ ያስተዋወቁት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያውያን ኮሪያ የዘመቱት ሰሜኑን ሊወጉ ነበር። ታሪክም ይቀልዳል!

ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከንጉሡ ጠባቂ ጦር፣ ከክብር ዘበኛ፣ የተውጣጡ ናቸው። ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው ፑሳን ወረዱ። ያን የመሰለ ብርድ የማያውቁ ልጆች ክረምቱን ምሽግ ውስጥ ከረሙ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ወደቁ።

ክብር ዘበኛ የዜማም ቤት ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አህመድ በኦርኬስትራው ዘፍነዋል። የእኛ ወታደር ለማዜም ግን ኦርኬስትራ አይጠብቅም። ቀረርቶና ፉከራ አለው፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ እንጉርጉሮ። ፉከራውን አለቃም ጠላትም እንዲሰማው ይፈልጋል። እንጉርጉሮውን የሚሰማው ግን ቢበዛ አጠገቡ የተኛው ጓዱ ነው፤ በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ላደገ ልጅ ደግሞ እንጉርጉሮው ስለ ከብቱና ስለ እናቱ ቢሆን አይገርምም። እንደ እኔ፣ የዘመቻ ታሪካችን ጀብዱ በዝቶበት ናፍቆት ያነሰው ለዚህ ነው።

ኮሪያ የዘመቱ አያት ካሏችሁ፣ ዛሬ ዕድሜያቸው ዘጠና አካባቢ ነውና፣ ሲያንጎራጉሩ በስልካችሁ ቅረጿቸው።