በበረሃ ማንም ብቻውን አይሄድም
(በኮሙኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ በረሃው ጉዞ ጥቂት ንገሩን» ብሎ ስላዘዘን፣ እኛ የሱቅና የጋራዥ ሰዎች ያየነውን በአጭሩ እናካፍላችኋለን።

ብዙዎቻችን ጅቡቲ ስንኖር የምናውቀው መንገድ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ነው። ልጆቻችንም ከተማውን እንጂ አገሩን አያውቁም። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ በአራት ላንድክሩዘር 22 ሆነን ለሁለት ቀን ወጣን። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ሐሩር ይህ ጉዞ አይሞከርም።

ዝግጅቱ ቀላል አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ ውሃ፣ ለየመኪናው ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ፖምፓና በጄሪካን ናፍጣ ያዝን። አሸዋ ላይ የጎማውን ነፋስ መቀነስ ግድ ነው፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ስለሚረግጥ አይሰምጥም። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲደረስ ደግሞ መልሶ መሙላት ነው፤ አለዚያ ድንጋዩ ይቆርጠዋል። የመራን አፋር ወንድማችን በደረቅ ወንዝ ውስጥ እንዳናድር ከለከለን። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ቢልም፣ ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሌሊት ይመጣል።

በመጀመሪያው ቀን በፒኬ 51 አልፈን የታላቁን ባራ ሜዳ አቋረጥን። ከዲኪል በኋላ አስፋልቱን ተሰናብተን በአስ ኤላ በኩል አመሻሽ ላይ አቤ ሐይቅ ደረስን። እስከ 50 ሜትር የሚቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ ከሥራቸው ፍል ውሃ ይፈላል። እዚያ ለልጆቻችን አንድ ነገር ነገርናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው አዋሽ፣ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቀው በዚህ ድንበር ላይ ባለ ሐይቅ ነው። አንዷ ልጅ «ታዲያ አዋሽም እንደ እኛ እዚህ ቀረ?» ብትል ሁላችንም ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን ዝም አልን።

በማግሥቱ ወደ ፒኬ 51 ተመልሰን በታጁራ መንገድ ታጠፍን። ወደ ጉበት ሲቃረቡ ከመንገዱ ዳር ምድር የተሰነጠቀች የሚመስል ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ግድግዳው እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ አልፎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 የፈነዳው አርዱኮባ አለ። ከሥሩ አሳል ሐይቅ ይገኛል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ ቦታ የለም።

ወደ አሳል መገንጠያው አጠገብ ሰባት ወጣቶች በእግር ሲሄዱ አገኘን። የአገራችን ልጆች ናቸው። ሰማያዊውን ውሃ እያሳዩ «ባሕሩ ይሄ ነው?» አሉን። አይደለም፤ ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው፣ ለጠማው ሰው አይሆንም። ወደ የመን የሚሻገሩበት ኦቦክ ገና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራቸዋል። በእጃቸው የነበረው ሁለት ባዶ ሃይላንድ ብቻ ነበር። ውሃ፣ ዳቦና ቴምር ሰጠናቸው፤ መሪያችንም ፀሐይ እስኪበርድ የሚያርፉበትን ጥላ አሳያቸው። አንደኛው በስልካችን ለእናቱ ደወለ፤ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ደርሻለሁ» አላት። ከእኛ መካከል የሚናገር ጠፋ።

ወገኖቻችን፤ እኛ ውሃ በካርቶን የምንሸጥ ሰዎች ነን፤ የአንድ ሃይላንድ ውሃ ዋጋ የገባን ግን በዚያ ቀን ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ማኅበራችን በየዓመቱ ልጆቻችንን አሰባስቦ ይህን አገር ያሳያቸው። ሁለተኛ፣ ወደዚያ የሚወጣ የኮሙኒቲያችን መኪና ሁሉ ከራሱ ስንቅ ሌላ ሁለት ካርቶን ውሃ ይጫን። ሦስተኛ፣ የእኅትና የወንድም ልጆች ከአገር ቤት ደውለው «መንገዱ እንዴት ነው?» ሲሉን፣ ያየነውን ሳናሳምር እንንገራቸው። እናቶቻቸው ከእነሱ አፍ አይሰሙትም።

ፈጣሪ መንገደኞችን ሁሉ ይጠብቅልን። መልካም በዓል!