ከፍታ፣ አፈርና ቅንጨ አረም



በቅንጨ አረም የተወረረ ማሳ አፈር ካልተወረረው ማሳ አፈር ተለይቶ ቢገኝ፣ ልዩነቱን ያመጣው አረሙ ነው ወይስ ማሳው የሚገኝበት ከፍታ? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ ለገበሬው የምንሰጠው ምክር በመልሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ቅንጨ አረም፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስተሮፎረስ፣ ከአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ አገሮች የመጣ ነው። በአገራችን ከቆላ እስከ ወይና ደጋ ተስፋፍቷል። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ፓርቴኒን የተባለው ውሕዱም ወደ አፈር እየገባ የሌሎችን ዕፀዋት ብቅለት ይገታል።

ከፍታ በበኩሉ በአፈር ላይ ምን ያደርጋል? ወደ ላይ 1,000 ሜትር ስንወጣ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ብስባሽን የሚያብላሉ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ደግሞ፣ እርጥበት እስካለ ድረስ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የሥራ ፍጥነታቸው በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በቆላ የረገፈ ቅጠል ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ንጥረ ነገሩ ቶሎ ይለቀቃል፤ በአፈሩ የሚጠራቀመው ካርቦን ግን ጥቂት ነው። በደጋ ካርቦንና ናይትሮጅን ይከማቻሉ፤ ሆኖም አብዛኛው ናይትሮጅን በብስባሹ ውስጥ ታስሮ ስለሚቆይ ተክሉ የሚያገኘው ጥቂት በጥቂት ነው።

የፎስፈረስም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ዝናብ የሚያጥበው የደጋ አፈር አሲዳማ ይሆናል፤ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን ይይዙታል። ኖራማ በሆነው ደረቅ የቆላ አፈር የሚይዘው ካልሲየም ነው።

እንግዲህ አንድ ተመራማሪ የተወረረውን አፈር ከ1,500 ሜትር፣ ያልተወረረውን ከ2,400 ሜትር ቢወስድና በመጀመሪያው ካርቦን አንሶ ቢያገኝ፣ «አረሙ አፈሩን አራቆተው» ሊል አይችልም። የታችኛው አፈር አረሙ ከመድረሱ በፊትም በካርቦን ያነሰ ሊሆን ይችላልና። መፍትሔው በእያንዳንዱ የከፍታ እርከን የተወረረና ያልተወረረ ማሳ ጎን ለጎን መምረጥ ነው፤ የአፈር ዓይነታቸው፣ ተዳፋታቸውና የእርሻ ታሪካቸው ተመሳሳይ ይሁን፤ ናሙናውም በአንድ ወቅት ይወሰድ።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ቅንጨ አረም የመንገድ ዳርን፣ የታረሰና ፍግ የተጣለበትን መሬት ይወዳል። በሥሩ ናይትሮጅን ቢበዛ፣ ለም ቦታ መርጦ በቅሎ እንደ ሆነ ወይም ራሱ አለምልሞት እንደ ሆነ አንድ ጊዜ በተወሰደ ናሙና አይታወቅም። ከተወሰኑ ቦታዎች አረሙን ነቅሎ አፈሩን ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል።

ምክራችንም እንደ ከፍታው ይለያያል። በሞቃቱ አካባቢ የአረሙ ለስላሳ ቅጠል ፈጥኖ ስለሚበሰብስ፣ የሚለቀቀውን ናይትሮጅን ቀድሞ የሚሻማው ቀጣዩ የአረም ትውልድ ነው። ስለዚህ ሳያብብ መንቀልና ወዲያው ሰብል መዝራት ይገባል። በቀዝቃዛው አፈር ደግሞ ፓርቴኒንን የሚሰባብሩት ደቂቅ ዘአካላት ዝግ ስለሚሉ፣ ከነቀላ በኋላ የውሕዱ ተጽዕኖ የሚቆይበት ጊዜ ሊረዝም ይችላል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነም ኖራ ሳይጨመርበት የሚበተነው ፎስፈረስ አብዛኛው በከንቱ ይታሰራል።

በመጨረሻ አንድ አሳሳቢ ነገር ልጥቀስ። ከላይ በጠቀስሁት ስሌት አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ዛሬ በአንድ ከፍታ ያለው ሙቀት 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። አረሙን ከደጋ ያገደው ብርድ ከሆነ፣ ድንበሩም አብሮ ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ ድንበር በላይ ያለው አፈር ገና አልተነካም። ፒኤቹን፣ ካርቦኑን፣ ናይትሮጅኑን፣ ፎስፈረሱንና ደቂቅ ዘአካላቱን ዛሬ ካልመዘገብን፣ አረሙ ከደረሰ በኋላ የቀድሞውን መልኩን መልሰን ልናገኘው አንችልም። የመመረቂያ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚያ እንድትጀምሩ አደራ እላለሁ።