ኦገስት ዊልሰን በሴንት ፖል

አቅራቢ 1፦ ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1945 በፒትስበርግ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ስለ ናፖሊዮን የጻፈውን ድርሰት መምህሩ የራሱ ሥራ መሆኑን ስላላመነ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያስተማረው የካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት ነው።

አቅራቢ 2፦ እናቱ ደግሞ ትምህርት ቤት የዋለ ይመስላት ነበር። እልኸኛ ልጅ ነው!

አቅራቢ 1፦ በ1978 ሴንት ፖል ሲገባ ገጣሚ ነበር። ለሚኒሶታ የሳይንስ ሙዚየም አጫጭር ተውኔቶች ይጽፍ፣ ኋላም ለአረጋውያን ምግብ ያበስል ነበር። ከ«ጂትኒ» ተውኔቱ ብዙውን የጻፈው ግራንድ ጎዳና ላይ በነበረ የተጠበሰ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ተቀምጦ ነው።

አቅራቢ 2፦ የፒትስበርግ ሰፈሩ ሰዎች አነጋገር ጥርት ብሎ የተሰማው ከከተማው ከራቀ በኋላ ነው። ይህን ለስደተኛ አድማጭ ማስረዳት ትርፍ ድካም ነው፤ ራሱ ያውቀዋል።

አቅራቢ 1፦ በ1980 የሚኒያፖሊሱ የጸሐፌ ተውኔቶች ማዕከል ድጋፍ ሰጠው፤ የሴንት ፖሉ ፔኑምብራ ቲያትርም ሥራውን መድረክ ላይ አወጣ። ኮኔቲከት ያለው የኦኒል ማዕከል ግን የላከውን ደጋግሞ ከመለሰበት በኋላ ነው በ1982 «የማ ሬይኒ ብላክ ቦተም»ን የተቀበለው።

አቅራቢ 2፦ ቀጥሎ ብሮድዌይ፣ በ1987 እና በ1990 የፑሊትዘር ሽልማት። ለሃያኛው ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ አሥርት ዓመት አንድ ተውኔት ጽፎ አሥሩንም የጨረሰው በሞተበት ዓመት፣ በ2005 ነው።